የገና ኤግኖግ ቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፈረንጆቹ ኖቬምበር ሲገባ አሜሪካ ውስጥ የሱፐርማርኬቱ የወተት ፍሪጅ በኤግኖግ ካርቶን ይሞላል። ብዙ አበሻ አንዴ ይቀምሰውና "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" ብሎ ይተወዋል። አይፈረድበትም። የካርቶኑ ወፍራም ነው፣ ስኳሩም ከልክ በላይ ነው። ቤት የተሠራው ግን ሌላ መጠጥ ነው። ይበልጥ ቀጭን፣ ይበልጥ ለስላሳ፣ የቅመሙ ሽታ ገና ከብርጭቆው የሚመጣ።

ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል አላስቀመጥኳቸውም። የአሠራሩን ብቻ የምትፈልጉ ወደ መሀል ውረዱ።

ኤግኖግ ምንድን ነው?

የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር ተመትቶ፣ ከወተትና ከክሬም ጋር ተዋህዶ፣ ገውዝ (ፈረንጆቹ ነትሜግ የሚሉት ቅመም) ተፈቅፍቆበት ቀዝቅዞ የሚጠጣ የፈረንጆች የገና መጠጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሩም፣ ብራንዲ ወይም ቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) ይጨመርበታል። ያለ አልኮልም ሙሉ መጠጥ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ኤግኖግ ተብሎ በካርቶን ለመሸጥ በሕግ የተቀመጠ መስፈርት አለው። ከክብደቱ ቢያንስ 1 በመቶው የእንቁላል አስኳል ጠጣር ክፍል፣ ቢያንስ 6 በመቶው ደግሞ የወተት ቅባት መሆን አለበት። 1 በመቶ! በዚህ መስፈርት ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ወፍራምነቱን ከማወፈሪያ ያመጣዋል ማለት ነው። እቤት ስትሠሩት የሚያወፍረው እንቁላሉ ራሱ ነው።

ከየት መጣ?

ሥሩ እንግሊዝ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች ፖሰት የሚሉት መጠጥ ነበራቸው፤ ትኩስ ወተት ከወይን ጠጅ ወይም ከቢራ ጋር። በኋላ እንቁላልም ገባበት። ያኔ ይህን አዘውትሮ መጠጣት የባለጸጋ ነገር ነበር።

አሜሪካ ሲሻገር የደሃውም ሆነ። ገበሬው ላሙም ዶሮውም ደጁ ላይ ናቸው። ሩሙ ደግሞ ከካሪቢያን ደሴቶች በርካሽ ይገባ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የበዓል መጠጥ ሆኖ ቀረ።

በዚህ መጠጥ ምክንያት አመፅ ተነስቶ ያውቃል ብላችሁ ታምናላችሁ? በፈረንጆቹ 1826 የገና ዋዜማ፣ በዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ። የአካዳሚው አዛዥ ሲልቫነስ ቴየር መጠጥ ከልክለው ነበር። ካዴቶቹ ውስኪ ደብቀው አስገቡና ኤግኖጋቸውን ሠሩ። ሌሊቱ በረብሻ ነጋ፤ መስኮት ተሰባበረ፣ መኮንኖች ተጠቁ። ከካዴቶቹ 19ኙ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ። በኋላ ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄፈርሰን ዴቪስም እዚያ ግብዣ ላይ ነበረ፤ እሱ ሳይከሰስ አለፈው።

ጾም ላይ ነን። እንዴት ይሆናል?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ አይቀርም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚፈታው በገና ነው። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ሲያከብሩ እኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ጾሙ መሀል ነን። ኤግኖግ ደግሞ እንቁላልም ወተትም ነው። ስለዚህ የሚጾም ሰው የመሥሪያ ቤቱ የገና ግብዣ ላይ ሲቀርብለት "አመሰግናለሁ" ብሎ ያልፋል።

ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ካርቶኑ ከሱቅ ጠፍቷል። አዲስ ዓመታቸው ካለፈ በኋላ ኤግኖግ ፈልጎ ማግኘት ዕድል ነው። በእኛ ገና ኤግኖግ የሚፈልግ ሰው እቤቱ ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለውም ብል ማጋነን አይሆንም።

በዋዜማው ቀን ሥሩት። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለሱ በደንብ ይቀዘቅዛል። ግን እየሠራችሁ መቅመስ እንደማትችሉ አስቡ። ዶሮ ወጡን በመዓዛው ብቻ እየለየች የምታጣፍጥ እናት ይሄ አያስጨንቃትም። ሌሎቻችን መስፈሪያውን በትክክል እንጠቀም። ስኳሩ አነሰ ወይ በዛ የሚለው በማግስቱ ነው የሚታወቀው።

የጾም ኤግኖግ የሚባል አለ?

ቃሉን ለቀቅ አድርገን ከተጠቀምንበት አለ። ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት የሚሠራ። 2 ኩባያ ወፍራም የኮኮናት ወተትና 1 ኩባያ የአጃ ወይም የለውዝ ወተት ድስት ውስጥ አድርጉ። 1 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት። ስኳር፣ ገውዝ፣ ቀረፋ፣ ቆንጠር ያለ ጨው። በዝግታ እያማሰላችሁ አንዴ ፈላ ሲል አውርዱ። ቢጫ ቀለሙን ለሚፈልግ በማንኪያ ጫፍ እርድ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ አልጫ አልጫ ይሸታል።

ጣዕሙ ከኤግኖግ ይልቅ ፖርቶ ሪኮዎች በገና ለሚጠጡት ኮኪቶ ይቀርባል። እውነቱን ለመናገር እኔ ለብቻው ነው የምወደው፤ የኤግኖግ ምትክ አድርጌ አላየውም።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ለ6 ሰው የሚሆነውን ልንገራችሁ። የ6 እንቁላል አስኳል። ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ማለትም 100 ግራም ገደማ። 2 ኩባያ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት። 1 ኩባያ ፈሳሽ ክሬም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ገውዝ። ቆንጠር ያለ ጨው። 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ኩባያ ስል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን መስፈሪያ ነው፤ የሻይ ስኒ አይደለም።

አበሻ እንግዶች ፊት የሚቀርብ ከሆነ ስኳሩን ሩብ ያህል ቀንሱ። አበሻ ጣፋጭ መጠጥ ሲበዛበት ቶሎ ይሰለቻል።

አሠራሩስ?

አስኳሉንና ስኳሩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ምቱ። ቀለሙ ነጣ እስኪልና ከመምቻው ላይ ወፈር ብሎ እስኪወርድ ድረስ። ስኳሩን አስኳሉ ላይ ጨምራችሁ ስልክ ለማንሳት አትሂዱ። ስኳር የአስኳሉን እርጥበት ስለሚመጠው ትንንሽ ጓል ይሠራል፣ ያ ጓል በኋላ አይሟሟም።

ወተቱን፣ ክሬሙን፣ ጨውና ገውዙን ድስት ውስጥ ጨምራችሁ በመካከለኛ እሳት አሙቁ። ዳር ዳሩን አረፋ መጎንጎን ሲጀምር አውርዱት። እንዲገነፍል አትጠብቁ።

አሁን ነው ጥንቃቄው። ከትኩሱ ወተት አንድ ጭልፋ ቀድታችሁ አስኳሉ ላይ በቀጭኑ አንጠባጥቡ። አንዱ እጅ ያፈሳል፣ ሌላው መምታቱን አያቆምም። ሁለተኛ ጭልፋ ድገሙ። ሦስተኛ ጨምሩ። እንቁላሉን ሙቀቱን እያለማመዳችሁት ነው። አስኳሉን በአንዴ ትኩስ ወተት ውስጥ ከገለበጣችሁት ፍርፍር ይሆናል፣ አለቀ።

ከተለማመደ በኋላ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሱና እሳቱን ዝቅ አድርጉ። በእንጨት ማማሰያ የድስቱን ሥርና ማዕዘን እየጠረጋችሁ አማስሉ። መጀመሪያ የሚረጋው እዚያ ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት 160 ሲደርስ በቅቶታል። ከ80 እየዘለለ ሲሄድ መቆራረጥ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ድስቱን ትታችሁ የትም አትሂዱ።

ቴርሞሜትር የሌለው ማማሰያውን አውጥቶ ጀርባውን ይይ። ፈሳሹ ከለበሰውና በጣት ሲሰመርበት መስመሩ ሳይደፈን ከቆየ ደርሷል። ቴርሞሜትር ግን ውድ አይደለም። ለሥጋም ለዳቦም ይሆናል። ግዙት።

ወዲያው በማጥለያ ወደ ንጹሕ ዕቃ ገልብጡት። ሳይጠለል የሚቀርብ ኤግኖግ አልወድም፤ የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ ትንሽ የረጋ አይጠፋውም። ቫኒላውን አሁን ጨምሩ። ዕቃውን የበረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ከድናችሁ ፍሪጅ። 4 ሰዓት ያህል ቢያንስ። ቢያድር ይመረጣል፣ ቅመሙ ይዋሃዳል፣ ይወፍራልም። ሲቀዳ ብርጭቆው ላይ ትንሽ ገውዝ ፈቅፍቁበት።

ፍርፍር ሆነብኝ። ይድናል?

ጥቂት ጓል ብቻ ከሆነ ይድናል። ከእሳት አውርዳችሁ ቶሎ አጥልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ብሌንደር ውስጥ አንዴ አዙሩት። ውሃውና ጓሉ ተለያይቶ ከሆነ ግን አትልፉ። ስኳር የበዛበት እንቁላል ፍርፍር ነው፣ እንደገና ጀምሩ።

ሳይበስል በጥሬ እንቁላል የሚሠሩት የሉም?

አሉ። የድሮው አሠራር እንዲያውም እንደዚያ ነው። አስኳሉ ከወተቱ ጋር ይመታል፣ ነጩ ለብቻው አረፋ እስኪሆን ተመትቶ ከላይ ይታጠፍበታል። መልኩ ያምራል። ግን ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ንጹሕና ያልተሰነጠቀ ቢሆንም እንኳ ከውስጥ ሊኖርበት ይችላል። ጤነኛ ጎልማሳ ጥቂት ቀን በተቅማጥና በትኩሳት ሊያልፈው ይችላል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ላይ ግን ይከፋል። የበዓል ቤት ደግሞ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ነው። 71 ዲግሪ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያው እዚያ ሙቀት ላይ አይተርፍም።

በጥሬው መሥራት የፈለገ አሜሪካ ውስጥ ከነቅርፊቱ ፓስቸራይዝድ የተደረገ (ሳይበስል በሙቀት ባክቴሪያው የተገደለ) እንቁላል ይሸጣል፣ እሱን ይጠቀም። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

አልኮሉ ባክቴሪያውን አይገድለውም እንዴ?

ሩሙን ጨምሮ ወዲያው መጠጣት ምንም አያድንም። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልኮሉ ጠንከር ያለ ኤግኖግ ውስጥ ሆን ብለው ሳልሞኔላ ጨምረው ፈትነውት ያውቃሉ። ባክቴሪያው የጠፋው ፍሪጅ ውስጥ 3 ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። የእነሱ አልኮል ብዙ ነበር፣ ቆይታውም ረጅም ነበር። አንድ ማንኪያ ብራንዲ ጠብ አድርጎ "አሁን ታከመ" ማለት ራስን ማታለል ነው።

አልኮል ምን ያህል፣ መቼ?

ላይ ለጠቀስኩት መጠን ግማሽ ኩባያ። የሚጨመረው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጥቁር ሩም ለጣዕሙ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፣ ቀጥሎ ኮኛክ ወይም ብራንዲ። ቦርቦንም ጥሩ ነው። ከእነዚህ ሁለቱን መርጠው ግማሽ በግማሽ የሚቀላቅሉም አሉ።

እኔ በጋራ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አልኮል እንዲጨመር አልመክርም። አልኮሉን ለብቻው አቅርቡት፣ የፈለገ በብርጭቆው ይጨምር። ልጆች አሉ፣ የሚነዱ አሉ፣ በሃይማኖታቸው የማይጠጡ አሉ። ክሬሙና ስኳሩ የአልኮሉን ኃይል ስለሚደብቁት "ወተት ነው" እያለ የሚደጋግም ዘመድም አይጠፋም። ለሙስሊም እንግዳ ስታቀርቡ ቫኒላውንም አስቡበት፤ ብዙው የቫኒላ ጭማቂ በአልኮል የተዘጋጀ ነው። አልኮል የሌለበት አለ፣ ወይም ቫኒላውን ትታችሁ ቀረፋ ጨምሩ።

ጠጅ ወይም አረቄ ብጨምርበትስ?

ጠጅ አይሆንም። ጠጅ ኮምጣጣነት ስላለው ወተቱን ይቆራርጠዋል። ብርሌውን ለጠጁ ተዉለት። አረቄ አይቆራርጠውም፣ ግን የሽታው ኃይል ገውዙን ይውጠዋል። አኒስ ያለበት ከሆነ ደግሞ መጠጡ የሳል መድኃኒት ይመስላል። ይልቅ አበሻ አበሻ እንዲል ከፈለጋችሁ ኮረሪማ ሞክሩ። ሁለት ሦስት ፍሬ ወቅጣችሁ ወተቱ ሲሞቅ ጨምሩትና ሲጠለል ይቀራል። ከገውዝ ጋር ይስማማል።

ገውዝ የት ይገኛል? የተፈጨው አይሆንም?

ይሆናል፣ ግን ሙሉው ፍሬ ይሻላል። ተፈጭቶ የቆየ ገውዝ ሽታው ይጠፋል፣ እንጨት እንጨት የሚል ጣዕም ብቻ ይቀራል። አዲስ አበባ መርካቶ ቅመም የሚሸጡት ጋር ፍሬውን ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ የሕንድ ወይም የአረብ ሱቅ ግቡ፣ ከሱፐርማርኬቱ ይረክሳል። የሚፈቀፈቀው በትንሹ መፈቅፈቂያ ነው፣ ልትጠቀሙበት ስትሉ።

አንድ ማሳሰቢያ። ገውዝ በብዛት ሲወሰድ ያሳምማል፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ልብ ምታት ያመጣል። ለመጠጥ የምንጠቀመው ትንሽ ነው፣ ለ6 ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ።

አዲስ አበባ ነኝ። ምን ልቀይር?

ወተቱ ከሰፈር ላም የመጣ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ አፍሉት፣ ከዚያ ነው ለኤግኖጉ የምትጠቀሙበት። እንቁላሉ የአበሻ ከሆነ ያነሰ ስለሆነ በ6 ፋንታ 8 ወይም 9 አስኳል ያስፈልጋል። ቀለሙ ግን የፈረንጁ እንቁላል የማይሰጠው ቢጫ ነው፣ መጠጡን ያሳምረዋል። ቅርፊቱ ላይ ቆሻሻ ካለ ከመስበራችሁ በፊት እጠቡት።

ክሬም ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ካጣችሁ 3 ኩባያ ወተት ተጠቀሙና 2 አስኳል ጨምሩ፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ብትበጠብጡበትም ያወፍረዋል። ቅቤ ለመጨመር የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። ሲቀዘቅዝ ከላይ ይረጋል።

ስለ ከፍታው የሚጠይቁም አሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ወተቱ ከምትጠብቁት በፊት ይገነፍላል። እንቁላሉ የሚፈልገው 71 ዲግሪ ግን እዚያው ነው፣ አይለወጥም።

ስንት ቀን ይቆያል?

የበሰለና አልኮል የሌለው ፍሪጅ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን። ገበታ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። እንግዳ እየገባና እየወጣ ቀኑን ሙሉ ሲያሳልፍ ይረሳል። ትንሽ በትንሹ እየቀዳችሁ አውጡ፣ ቀሪው ፍሪጅ ውስጥ ይሁን።

ወተት አይስማማኝም።

ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሌለበት ወተትና ክሬም ይሸጣል። አሠራሩ ምንም አይለወጥም። ትንሽ ጣፈጥ ስለሚል ስኳሩን ቀንሱ።

ትኩሱን መጠጣት ይቻላል?

ይቻላል፣ በብርድ ደስ ይላል። ስታሞቁት በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ ይሁን። ማይክሮዌቭ ውስጥ ረስታችሁት ከፈላ ይቆራረጣል።

ለ20 ሰው ልሥራ ብልስ?

መጠኑን አባዙት፣ ግን በአንድ ድስት ከ12 አስኳል በላይ አታድርጉ። ትልቅ ድስት ሥሩ ሲቃጠል ላዩ ገና ለብ ያለ ይሆናል። ሁለት ጊዜ መሥራት ይሻላል። ለ20 ሰው ብርጭቆውም ትንሽ ይሁን፤ ከዶሮ ወጥ በኋላ ማንም ሙሉ ብርጭቆ ክሬም አይጨርስም።

ከቡና ጋር ይሄዳል?

በጣም። አሜሪካ ውስጥ የቡና ቤቶቹ ድርጅት ስታርባክስ ወተቱን በኤግኖግ የተካ ቡና በገና ሰሞን ለብዙ ዓመት ሸጧል። እቤት ቀላሉ መንገድ የማኪያቶ ወተት ባለበት ቦታ ትኩስ ኤግኖግ መጨመር ነው። ስኳር አያስፈልግም። በጀበና የተፈላው ላይ ግን አልጨምርም፣ ቡናውን ያበላሸዋል የሚል እምነት አለኝ፤ የማይስማሙ አሉ።

የተረፈውን ነጭና የተረፈውን ኤግኖግ ምን ላድርግ?

6 ነጭ ይተርፋችኋል። ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ወራት። ከሁለት ሙሉ እንቁላል ጋር ቀላቅላችሁ በቃሪያና በሽንኩርት ጥበሱት። ከስኳር ጋር ተመትቶ ሜረንግም ይሆናል፣ ለሚጋግር ሰው።

የተረፈው ኤግኖግ ደግሞ ለድፎ ዳቦ ነው። የበዓሉ ድፎ በሦስተኛው ቀን ደረቅ ሲል ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ኤግኖጉ ውስጥ ሁለቱንም ገጽ ንከሩት፣ በትንሽ ቅቤ ጥበሱት። እንቁላሉም ወተቱም ስኳሩም ውስጡ ስላለ ሌላ የሚጨመር የለም። ጥቁር አዝሙድ ያለበት ድፎ ከሆነ በሌላ ዳቦ ሞክሩ፣ አይስማሙም።